የእታለም ተራ

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

እታለም፣ ዛሬ ሒሳብ ተፈተንን። ከባድ አልነበረም። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አንቺ ባሳየሽኝ መንገድ ሠርቼው መልሱ እምቢ አለኝ… ብታዪው ትስቂብኛለሽ። «ቁጥር አንተን ሲያይ ይሸሻል» እንደምትዪው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በዳቦ ቤቱ በኩል ዞርኩ። ሩቅ መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። በቦኖው በኩል ማለፍ አልፈልግም። አሁን ቧንቧውን የምትከፍተው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ለጊዜው ነው ተብሏል። መክፈትና መዝጋቱን ትችልበታለች፤ ተራ ማስከበር ላይ ግን… ከሩቅ አየሁት። ጄሪካኑ እንደ ፍየል ተበታትኗል። ሁለት ሴትዮዎች በአንድ ጄሪካን ይጓተታሉ። ሰፊዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች። አንቺ ብትሆኚ አንድ ጊዜ ነበር ጉሮሮሽን የምትጠርጊው። «ዳኛዋ መጣች» ይባላል፣ ሁሉም ፀጥ።

ቤት ስገባ የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ተቀምጠዋል። ጋሽ ሊቀመንበር። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

«ጎበዝ፣ ሥራውን ታውቀዋለህ። ጠዋት ጠዋት ከጎኗ አትጠፋም ነበር። ከትምህርት በፊት ከፍተህ፣ ሰዉን አስተናግደህ፣ ለሰፊዋ አስረክበህ ትሄዳለህ። ምን ትላለህ?»

«ቦታው የእሷ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እሷ እኮ…»

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ያቺን ቃል ሊሏት ነበር። ሁሉም ይሏታል። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ አስተማሪዎቼ፣ ከሆስፒታል የደወለው ሰውዬ። «ልቧ ከልጅነቷም ደካማ ነበር፣ ምን ይደረግ…» እያሉ ቀጥሎ ያቺን ቃል። እኔ አንድም ቀን ብያት አላውቅም። እዚህም አልጽፋትም። እኔ ካልኳት ነገሩ ያበቃል። እስካላልኩ ድረስ ግን ይኸው እጽፍልሻለሁ፣ አንቺም ታነቢያለሽ። አይደለም እንዴ?

እማዬ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጣች። «ሽማግሌ ተቀምጦ ጥሎ መውጣት ምን የሚሉት ጠባይ ነው?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ጥቁር ልብሷን ከለበሰች ወዲህ መቆጣት ትታለች።

«ደግሞ ስልክ ተደውሏል» አለችኝ። የጉባኤው ሰዎች ናቸው። ያ ድህነትን ስለመቀነስ የሚመክረው ትልቁ ስብሰባ… ስለ ቦኖው ሰምተው አንቺን የጠሩሽ። ትዝ ይልሻል? «አንተንም እወስድሃለሁ፣ ቦርሳዬን ትይዛለህ» አልሽኝ። «ቦርሳ መች አለሽና?» ስልሽ፣ «እስከዚያ ይኖረኛል» አልሽ።

አሁን በአንቺ ፋንታ እኔ ልሄድ ነው። እማዬ እሺ ብላለች። አጎታችን አብሮኝ ይመጣል።

በአንቺ ፋንታ… ምን ማለት ነው እሱ?


ዓርብ፣ መጋቢት 6

የጉባኤው አስተባባሪ ቤት ድረስ መጣች። ወጣት ናት። ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ጎንበስ ስትል እማዬ ክንዷን ይዛ ከለከለቻት።

«መድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትናገራለህ። አይዞህ፣ አትፍራ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እህትህ። ማን እንደነበረች፣ ምን ትሠራ እንደነበር፣ እንዴት እንዳጣችኋት…»

ነበረች። ነበር።

«ስለ ሥራዋ እናገራለሁ። ሌላውን አልናገርም።»

«ሌላውን ማለት?»

እማዬ መለሰችልኝ። «ሐዘኑ ገና አልወጣለትም እህቴ። እንደመጣለት ይበል፣ ተይው።»

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። «ያልፈለግከውን እንድትል ማንም አያስገድድህም» አለችኝ። ደግ ናት መሰለኝ። ግን ስትወጣ እማዬን በር ላይ ይዛ ብዙ አንሾካሸከች።

ማታ አጎቴ ኮት ይዞልኝ መጣ። ታክሲውን በር ላይ አቁሞ፣ እንደለመደው ጥሩንባውን እየነፋ። ኮቱ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል።

«ያገባሁበት ኮት ነው» አለ። «ገዱን አላምነውም፣ ጠንቀቅ በል።»

እማዬ ፈገግ ለማለት ትንሽ ቀራት።


እሑድ፣ መጋቢት 8

እታለም! ከየት ልጀምርልሽ?

በሩ ይዞራል። በሩ ራሱ! መስታወት ነው፣ ገብተሽ ስትራመጂ አብሮሽ ይዞርና ውስጥ ይተፋሻል። እኔን ተፋኝ። አጎቴ ግን መውጫው አልፎት ዞረና ተመልሶ መንገድ ላይ ተገኘ። «አስወጣኝ እኮ! ምን አድርጌው ነው?» ይላል ከውጭ። ዘበኛው ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። በሁለተኛውም አስወጣው። በሦስተኛው እጁን ይዤ ጎተትኩት።

ወለሉ ላይ ፊቴን አየሁት። እንዳላቆሽሸው በጫማዬ ጫፍ ነበር የምራመደው፤ በኋላ ነው ሰው ሁሉ እንደልቡ እንደሚረግጠው ያየሁት። ጣሪያው ደግሞ… የእኛን ቤት አንዱን ባንዱ ላይ ብትደራርቢ የሰፈሩ ቤት ያልቃል እንጂ ጣሪያው ጋ አትደርሺም። ከላይ የተንጠለጠለው መብራት ዝናብ ሲወርድ መሐል ላይ ቁም የተባለ ይመስላል።

ከመብራቱ ሥር ጥቁር ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ መሐል ውኃ ይነሣል፣ የሰው ቁመት ደርሶ ትንሽ ይቆማል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ማንም አይቀዳውም። እንዲሁ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሻንጣዬን ይዤ ፊቱ ተገተርኩ።

አጎቴ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ይሄ ሁሉ ውኃ ወረፋ የለውም?» አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሳቀች።

ልናደድ ፈልጌ ነበር። አንቺ ትናደጂ ነበር ብዬ… እንጃ፣ ትናደጂ ይሆን? እኔ ግን አቃተኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ያምር ነበር። ውኃ ሥራ ሲፈታ እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ሊፍቱም መስታወት ነው። ስንወጣ አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሹፌር ሆነህ ትፈራለህ?»

«መሪው እኔ ጋ የለማ!»

ክፍላችን ሁለት አልጋ አለው። መጋረጃው በቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ ስትጫኚው ራሱ ይሄዳል። አጎቴ እስኪሰለቸው ሲከፍትና ሲዘጋ ቆየ። በመስኮቱ ከተማው በሙሉ ይታያል። ሰፈራችንን ፈለግኩ። የውኃ ታንከሩ ካለበት ኮረብታ ጀርባ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጭስ ብቻ ነው የሚታየው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ሰጡን። የእኔ ላይ የአንቺ ስም ነው ያለው። አስተባባሪዋ አይታ ደነገጠች። «ዛሬውኑ አስቀይርልሃለሁ።»

«አይቀየር» አልኳት።

አየችኝና እንዳለ ተወችው። ስምሽን አንገቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።


ሰኞ፣ መጋቢት 9

ዛሬ አንድ ሰውዬ እንቁላል እንዴት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ረጅም ነጭ ቆብ ያደረገ ሰውዬ። መጥበሻ ይዞ ቆሞ፣ «እንዴት ይሁንልህ?» አለኝ። እንቁላልን እንዴት እንደምፈልግ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። «እንደተመቸዎት» አልኩ። ሳቀና ቀይ ቃሪያና አይብ ጨምሮ እንደ ደብዳቤ አጠፈልኝ። እታለም፣ እንዴት እንደሚጣፍጥ… አልነግርሽም።

የአጎታችንን ነገር ግን ልንገርሽ። የቁርሱ ሰልፍ ረጅም ነው። አጎቴ አንድ ሳህን አነሣና ከመጨረሻዋ ሴትዮ ኋላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ፣ ሻይ ያዘ። እኔም ልክ ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን ችግር አለው? ተራ ይዟል። አስተናጋጁ መጣና ሳህኑን አንሥቶ ሄደ።

አጎቴ ሌላ አስቀመጠ። አነሡት። በሦስተኛው ላዩ ላይ ሹካ ጣል አደረገበት፣ «ባለቤት እንዳለው ይወቁ» ብሎ። ከነሹካው አነሡት።

«ይሄ ሰፈር ተራ የሚባል አያውቅም እንዴ?» ብሎ ተነሣ።

አስተናጋጁ ነገሩ ሲገባው ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሰውየው ራሱ ነው የሚቆመው» አለው።

«ሰውየው ከቆመ ሳህኑ ምን ይሠራል?»

አንቺ እኮ ነሽ ያስለመድሽን። ጄሪካን ካለ ሰው አለ። ባለቤቷ ልጅ ታጥባ፣ ገበያ ደርሳ ትመጣለች። ከኋላ ያለው ጄሪካኑን በእግሩ ገፋ እያደረገ ያስጠጋላታል። የዘለለ ሰው መጨረሻ ይሄዳል። ይሄ ሕግ ከእኛ ሰፈር ውጭ እንደማይሠራ እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት።

አዳራሹን ግን በምን ቃል… ወንበሩ ስትቀመጪበት እንደ ሰው ይቀበልሻል። ጠረጴዛው ላይ ስምሽ ተጽፏል፣ አጠገቡ ብርጭቆ፣ የታሸገ ውኃ፣ ወረቀት፣ ከረሜላ። የብዙ አገር ሰው ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ሰጡን። ሽማግሌ ሰውዬ መድረክ ላይ ባልገባኝ ቋንቋ ይናገራል፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ሴት ናት፣ በእኛው አማርኛ! ከየት ናት ብዬ ዞርኩ። አዳራሹ ኋላ መስታወት ቤት አለ። ውስጡ አስተርጓሚዎች ተቀምጠዋል። የእኛዋ አፏ ከሰውየው አፍ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ይከተላል። እሱ እጁን ሲያወናጭፍ እሷም ሳታውቀው ታወናጭፋለች። ቀኑን ሙሉ አንዴ መድረኩን፣ አንዴ እሷን ሳይ ዋልኩ። አንድ ቃል ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ፣ መስታወት ውስጥ ገብቶ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ ይወጣል።

ከሰዓት አንዲት አሮጊት ምሁር ተናገረች። መብራቱን አስጠፋችና ግድግዳውን በሚያህል ስክሪን ዓለምን ከሰማይ በሌሊት አሳየችን። አንዳንዱ አገር ወርቅ የፈሰሰበት ይመስላል። አንዳንዱ ጥቁር ነው። «ጥቁሩን ባዶ እንዳይመስላችሁ» አለች። «እዚያም ሰው አለ። አምሽቶ የሚያወራ፣ ልጅ የሚያስተኛ ሰው።» ሰዉ አንገቱን አሰገገ። እኔም። ከጥቁሩ ውስጥ የእኛ የትኛው ይሆን?


ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ዛሬ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ።

አጎቴ ገላውን ታጥቦ የሆቴሉን ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ነጭ ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ። «ንጉሥ መሰልኩ ወይስ ታማሚ?» አለ። መስተዋቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። «ታማሚ» ስለው፣ «እንግዲያው አሳክመኝ» ብሎ አልጋው ላይ ተዘረረ። ሳቅኩ… ሳቅኩ። ከዚያ ድንገት ቀጥ።

ስስቅ ረስቼሽ ነበር እኮ። አንድ አፍታ ሙሉ በሙሉ። ምሳ ላይም ረሳሁሽ፤ ትንሽ ቤት የሚመስል ኬክ ነበር፣ መስኮት ያለው። እየበላሁ ያሰብኩት ስለ መስኮቱ ነው። ይሄ ሁሉ እያማረኝ፣ እየገረመኝ… ልክ ነው? አንቺ መቀመጥ ባለብሽ ወንበር እኔ እየደላኝ?

አስተባባሪዋ ነገ ከምሳ በፊት ነው ተራህ አለችኝ። «የምትለውን አዘጋጅተሃል?» «አዎ» አልኳት። ውሸት። «ተራ ታስከብራለች» ብል የት አለች ይላሉ። «ታስከብር ነበር» ካልኩ ደግሞ…

አጎቴ ጋዋኑን ሳያወልቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያቺን ቃል በላትና ይውጣልህ።»

«አንተ ብለሃታል?»

የጋዋኑን መቀነት ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ፣ «ሰው ፊት እላታለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ለተሳፋሪ፣ ለትራፊክ እንኳ ብያለሁ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ስሆን ግን አልላትም» አለ።

«ለምን?»

«አላውቅም። መሪው ከእጄ የሚወጣ ይመስለኛል።»




ረቡዕ፣ መጋቢት 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው። 

ጠዋት ትልልቆቹ ሰዎች አስረዘሙ። አንዱ ጨርሻለሁ ካለ በኋላ እንደገና ጀመረ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። የአጎቴ ኮት ተጣብቆብኛል። ምሳ ሲቃረብ የመድረኩ መሪ፣ «ጊዜ ስላጠረን ቀጣዩን ክፍል እንዘለዋለን» አለ። በእርጋታ። ሌላ ወረቀት አነሣ።

አስተባባሪዋ ከወንበሬ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «በጣም አዝናለሁ። ለምኛቸው ነበር፣ ከእኔ በላይ ነው።»

«ምንም አይደለም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም አልነበረም። እግሬ ቀለለኝ። ተረፍኩ! አንድም ቃል ሳልል ተረፍኩ…

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ስምሽን አየሁት። እኔን አይደለም የዘለሉት። አንቺን ነው።

የመድረኩ መሪ ጥያቄና አስተያየት ያለው በመሐል መተላለፊያው ድምፅ ማጉያ ፊት ይሰለፍ አለ። ሰዎች ተነሡ። እኔም ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለ አጎቴ።

«ተራ ልይዝ።»

ሰልፉ መጨረሻ ሄጄ ቆምኩ። ብዙ ሰው ከፊቴ አለ። ቆሜ ሳለሁ… ከፍርሃት ነው መሰለኝ፣ ሽንቴ መጣ። መያዝ እስኪያቅተኝ መጣ። ምን ላድርግ? የታሸገውን ውኃዬን መሬት ላይ፣ ከፊት ካለችው ሴትዮ ተረከዝ ኋላ አስቀመጥኩና ሮጥኩ።

እጄን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። እዚህ ሰውየው ራሱ ነው የሚቆመው! በቃ፣ አለቀ። አንሥተውታል። እጄን ሳላደርቅ ሮጬ ተመለስኩ።

ሰልፉ ተንቀሳቅሷል። ካስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ውኃዬ የለም። ዓይኔ ወደ ፊት ሄደ… አለ! ከሴትየዋ ተረከዝ ኋላ፣ ልክ እንዳስቀመጥኩት፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ ደርሷል። ከኋላው አንድ ረጅም፣ ፀጉሩ ነጭ የሆነ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሽማግሌ ቆሟል። ልብሱ ውድ ነው፣ ጫማው እንደ ወለሉ ያበራል። ቆሜ አየሁት። ሴትየዋ አንድ እርምጃ ሄደች። ሽማግሌው በዚያ በሚያበራ ጫማው ጫፍ ውኃዬን ቀስ አድርጎ፣ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ገፋ አደረገው። ከዚያ ራሱ ተጠጋ።

ስደርስ ጠርሙሱን በጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎ እኔን። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ቦታዬን ለቀቀልኝ። ቋንቋችን አይገናኝም። እጅ ነሣሁት፣ እጅ ነሣኝ። የት ነው የተማረው? በልጅነቱ የት ተሰልፎ ነበር? ልጠይቀው የምችልበት ቃል አልነበረኝም።

ተራዬ ደረሰ።

ድምፄ በአዳራሹ ሲዞር የእኔ አልመሰለኝም። «ካርዱ ላይ ያለው ስም የእኔ አይደለም» አልኩ። «የታላቅ እህቴ ነው። ሰፈራችን አንድ ቦኖ ነው ያለው። ሰዉ ዳኛዋ ይላታል። ጄሪካን ካለ ሰው አለ ትላለች። ባለቤቱ ቢርቅም፣ ቢታመምም፣ ከኋላ ያለው እየገፋ ያስጠጋለታል እንጂ አይዘለውም…»

«ልጄ፣ ጥያቄህን አሳጥረው» አለ የመድረኩ መሪ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰዓቱን እያየ ነው።

ቀና ስል የመስታወቱን ቤት አየሁ። አስተርጓሚዋ እኔን ነው የምታየው። አፏ ከእኔ አፍ ትንሽ ወደኋላ እየቀረ ይከተላል። ይጠብቀኛል።

«ዛሬ መድረኩ ላይ ተራዋ ነበር» አልኩ። «አልመጣችም። ሞታለች።»

አስተርጓሚዋ አፏ ቆመ። አየችኝ። አንድ ትንፋሽ… ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አለችው። ወዲያው በየወንበሩ፣ ማዳመጫ ያደረገ ራስ ሁሉ አንድ በአንድ ቀና አለ። ከፊት፣ ከዳር፣ ከኋላ። ቃሉ እየሄደ ሲደርስባቸው አየሁት። ለካ እንዲህ ነው የሚሄደው። እኔ ብቻዬን ጨብጬ የያዝኩትን ያ ሁሉ ሰው ተቀበለኝ።

«ጥያቄ የለኝም» አልኩ። «ተራዋ እንዳይዘለል ብዬ ነው።»

ማንም አላጨበጨበም።  ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ ሐር፣ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ዝም። ጠርሙሴን አንሥቼ ስዞር ሽማግሌው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋ።

አጎቴ በሆቴሉ ናፕኪን ፊቱን ሸፍኖ ነበር። «አየር ማቀዝቀዣው ነው» አለኝ።

እታለም፣ አልኳት። ሰማሽ?

…ለማን ነው የምጽፈው?


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ትናንት ገባን። እማዬ ሁሉንም አንድ በአንድ አስወራችን። ወለሉን፣ መጋረጃውን፣ እንደ ደብዳቤ የታጠፈውን እንቁላል። በሩ አጎቴን መንገድ ላይ ሲተፋው የነገርኳት ጊዜ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ። ከዚያ ሳቋ እንግዳ የሆነባት ይመስል አፏን ያዘች።

አጎቴ ሲሄድ ድምፅ ማጉያው ላይ ያልኩትን ነገርኳት።

«ለእኔም በለኝ እስቲ» አለች።

«ሞታለች፣ እማዬ።»

«አዎ ልጄ» አለች። «ሞታለች።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ደክሞን ስናቆም እራት ሠራን፣ በላን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጨው የበዛበትን ምግብ «ጨው በዛበት» አለች።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ጋሽ ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። ያን ቀን ጥዬ ስለወጣሁ ይቅርታ ጠየቅኩ። ባርኔጣቸውን አንሥተው መልሰው አደረጉ። ከሰኞ ጀምሮ እከፍታለሁ አልኳቸው።


ሰኞ፣ መጋቢት 16

ትናንት ማታ ሰፊዋ የቧንቧውን ቁልፍ ስታስረክበኝ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «ተገላገልኩ! ሱሪ መስፋት ይሻላል። ሱሪ አይሳደብም።»

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። እማዬ ነቅታለች፤ የተኛች መሰለች፣ እኔም ያመንኳት መሰልኩ።

ውኃው ወዲያው አይወጣም። መጀመሪያ አየር ነው፣ ቧንቧውን ያስለዋል፣ ይንተፋተፋል። ከዚያ ቀይ ዝገት ያለው ይመጣል። እሱን ለጭቃ አቡኪዎቹ በባልዲ ይዣለሁ፤ እሷ ዘወትር እንዲህ ታደርግ ነበር። ሲጠራ ቀና ብዬ አየሁ። ጄሪካኖቹ ተኮልኩለዋል፣ ቢጫ በቢጫ። ሰዎቹ እኔን እያዩ ነው። ማን መጀመሪያ እንደመጣ ማንም አልተናገረም።

«በተራ!» ልል አፌን ስከፍት ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ ቀጭን። የማገዶ ሻጯ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ወፍራም ሆኖ ወጣ።

ባለጋሪው ከኋላ መጥቶ ጆሮዬ ላይ፣ «ከእህትህ ጋር እኮ ወዳጆች ነበርን፣ አስቀድመኝ» አለኝ።

«እሷ ብትሆን መጨረሻ ነበር የምታሰልፍህ» አልኩት።

«እውነቱን ነው!» አለች ማገዶ ሻጯ። ባለጋሪው ጋሪውን እየጎተተ ወደኋላ ሄደ። እያጉረመረመ፣ ግን ሄደ። አንዲት አራስ ጄሪካኗን ልካ ራሷ ቤት ቀርታለች። ሰዎቹ በእግራቸው እየገፉ አስጠጉላት፣ እኔ ሞላሁላት፣ ትልቁ ልጅዋ መጥቶ ወሰደ።

ሁሉም ከሄደ በኋላ የቤታችንን ሞላሁ። ትልቁን ሰማያዊ ጄሪካን። መያዣው ውስጥ ዱላ አግብተን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን፣ ለሁለት ነበር የምንሸከመው። ዱላውንም ይዤ ሄጄ ነበር፣ ከልማድ። አነሣው ብዬ ሞከርኩ። ከመሬት አልተነሣም። ግማሹን ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ገለበጥኩ፣ ዱላውን የቦኖው ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት።

ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።